ልጄ አትናገርም፤ ትምህርት ቤቱ «በታብሌት ታውራ» አለኝ። እሺ ልበል?

እናት_ከሲልቨር_ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 4 ዓመቷ ነው። ኦቲዝም አለባት። የምንላትን ትሰማለች፣ ብዙውን ትረዳለች። ግን ከ«እማ» እና ከ«በቃ» ሌላ ጥርት ያለ ቃል የላትም። የሆነ ነገር ስትፈልግ እጄን ይዛ ትጎትተኛለች። ካልገባኝ መሬት ላይ ተዘርራ ታለቅሳለች። ሰሞኑን የትምህርት ቤቷ ስፒች ቴራፒስት ስዕል ያለበት ታብሌት እናስጀምራት አለችኝ። ስዕሉን ስትነካው ታብሌቱ ቃሉን ይልላታል።

ባለቤቴ አልተዋጠለትም። «ማሽን ካወራላት እሷ ለምን ትደክማለች?» ይላል። እናቴ ደግሞ ከጎንደር ደውላ «የሚዘገይ ልጅ ያለ ነው፤ ጠበል አስጠምቂያት፣ ጊዜ ስጫት» አለችኝ። ሌላው ጭንቀቴ ታብሌቱ እንግሊዝኛ ብቻ መሆኑ ነው። እኛ ቤት የሚወራው አማርኛ ነው። በዚህ ያለፋችሁ፣ ሙያውም ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ። ከትምህርት ቤቱ ጋር ስለዚህ የምንነጋገርበት ስብሰባ ደርሷል።

አባ_መንታ

እህቴ አይዞሽ። እኛ ቨርጂኒያ ነን። ከመንታዎቹ አንዱ አይናገርም። ታብሌቱን ከጀመረ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ጩኸቱ ቀንሷል። በአፉ የሚለው አሁንም ጥቂት ነው። ግን ወንድሙ መኪናውን ሲቀማው ሮጦ መጥቶ «የኔ» የሚለውን ይጫናል። ድሮ ይነክሰው ነበር። ሌላውን ባለሙያዎቹ ያስረዱሽ፤ እኔ ግን እሺ በይ ነው የምልሽ።

ስፒች_ቴራፒስቷ

ሰላም እናቷ። የንግግርና ቋንቋ ቴራፒስት ነኝ፤ እዚሁ አሜሪካ ትምህርት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። በእጄ ካሉት ልጆች ብዙዎቹ በአፋቸው አይናገሩም፤ ወይም ንግግራቸው አይበቃቸውም። ይሄ ሥራ በሙያችን ኤኤሲ ይባላል፤ አጋዥና አማራጭ ተግባቦት እንደማለት ነው። ታብሌት ብቻ አይምሰልሽ። የእጅ ምልክት፣ ፎቶ፣ የስዕል ሰሌዳ፣ የፊደል ሰሌዳ፣ በዓይን የሚታዘዝ ኮምፒውተር፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባል።

ከባለቤትሽ ጥያቄ ልጀምር፤ አባቶች ሁሉ የሚጠይቁኝ ነው፣ መጠየቁም ተገቢ ነው። ደግሞ ተጠንቷል። ሚላር፣ ላይትና ሽሎሰር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ቀደም ብለው የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ፈትሸዋል። በጥንቃቄ ከተሠሩት ጥናቶች ውስጥ የ27 ሰዎችን ውጤት ለይተው አዩ። ኤኤሲ በመጀመሩ ንግግሩ የቀነሰ አንድም ሰው አልነበረም። 89 በመቶ የሚሆኑት ንግግራቸው ጨመረ፤ የቀሩት ባሉበት ቆዩ። ጭማሪው ለብዙዎቹ መጠነኛ ነው። ስለዚህ ታብሌት የያዘ ሁሉ አፉን ይፈታል ብዬ አልዋሽሽም። ንግግር ያስቀራል የሚለው ፍርሃት ግን መሠረት የለውም። አፍ ከታብሌት ይፈጥናል። በአፉ ማለት የቻለ ልጅ ስዕል ሲፈልግ አይውልም።

እናትሽ ከፍቅር ነው የሚናገሩት። ጠበሉም ይቀጥል፤ ከታብሌቱ ጋር አይጣላም። ግን እስከዚያ በምን ትናገር? ሆዷን ሲቆርጣት በምን ትንገርሽ? ክፍል ውስጥ ልጅ ቢመታት ለማን በምን ትክሰስ? ኤኤሲ ለመጀመር «መጀመሪያ ይህን ትቻል፣ ይህን ትወቅ» የሚባል መመዘኛ የለም። የጠበቅንባቸው ዓመታት ሁሉ ልጅቷ ሐሳቧን በለቅሶ ብቻ የምታስረዳባቸው ዓመታት ናቸው። እዚህ ላይ በጣም ስሜታዊ እሆናለሁ፤ ዘጠኝ አስር ዓመት ሞልቷቸው አንድም ሰው ሰሌዳ ያላሳያቸውን ልጆች ስለማገኝ።

አሁን ዋናው ነገር። ታብሌቱ ሲመጣ መጀመሪያ የምታወሩበት እናንተ ናችሁ። ሕፃን ልጅ አንድ ቃል ከማለቱ በፊት ዓመት ሙሉ ሰው ሲያወራ ይሰማል። ያንቺ ልጅ ግን በስዕል የሚያወራ ሰው አይታ አታውቅም። ስለዚህ አሳያት። ቡና ሲፈላ ፈንዲሻው ቀርቧል እንበል። «ጨምሪ» የሚለውን እየነካሽ በአፍሽም «ልጨምር?» በያት። ከዚያ ዝም ብለሽ ጠብቂ። በልብሽ እስከ አስር ቁጠሪ። አስር ረጅም ነው፣ ያስጨንቃል፤ ግን እሷ ለማሰብና እጇን ለማዘዝ ያ ጊዜ ያስፈልጋታል። ባትነካም ፈንዲሻውን ስጫት። እጇን ይዘሽ አታስነኪያት፣ «መጀመሪያ ተጫኚ» ብለሽም አትከልክያት። እጇን ዘርግታ ከጠየቀችሽ ጠይቃለች፤ በታብሌት ድገሚው አትበያት።

ስለ አማርኛው ሌላ ጊዜ በደንብ እመለስበታለሁ፤ እንዳትተዪው ግን።

ዝም_አልልም

ይቅርታ፣ እኔ ትንሽ ይጎረብጠኛል። የእህቴ ልጅ በስልክ ፈዞ ነው የቀረው። ዩቲዩብ ካልተከፈተለት ምግብ አይበላም። ሐኪሙ ራሱ ስክሪን አርቁለት ነው ያለው። አሁን ደግሞ ቴራፒስት ታብሌት ያዙለት ስትል ግራ ይገባል። ወላጅ ማንን ይስማ?

ስፒች_ቴራፒስቷ

ወንድሜ፣ ሐኪሙም ትክክል ነው። የምናወራው ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። የንግግር ታብሌት ላይ ዩቲዩብም ጌምም አይጫንም። አይፓድ ከሆነ ጋይድድ አክሰስ የሚባል መቆለፊያ አለው፤ እሱ ሲበራ ልጁ ከንግግሩ አፕ መውጣት አይችልም። ካርቱን የሚያይበት ሌላ መሣሪያ ይሁን።

ሲያጠፋም በቅጣት አይወሰድበት። አንዳንድ ቤት «አስቸገረ» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፍበታል። የሚናገር ልጅ ሲቀጣ አፉ አይታሰርም። ባትሪው በምሳ ሰዓት የሚያልቅበት፣ ቦርሳ ውስጥ ተረስቶ የሚያድርም ብዙ ነው። ምግብ ጠረጴዛ፣ መኪና ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ልጁ ባለበት ሁሉ ይገኝ።

ጣት_አንደበቴ

አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም። እኔ ሴሬብራል ፓልሲ አለብኝ፤ አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት ሰውነት በደንብ የማይታዘዝበት ማለት ነው። ይህን የምጽፈው በአንድ ጣት ነው። ንግግሬን እናቴና እህቶቼ ይረዱታል፣ ውጪ ሰው አይረዳውም። ስለዚህ ስልኬ ላይ ጽፌ አሳያለሁ፤ ለሚደጋገመው ነገር ደግሞ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ጽሑፍ አለኝ። «ወራጅ አለ» የሚለውን ታክሲ ውስጥ እህቴ በቀዳችው ድምፅ አጫውተዋለሁ።

ስቴፈን ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ1985 ጉሮሮው ተቀዶ ድምፁን ካጣ በኋላ በኮምፒውተር ነው ያወራው፤ ዓለም አደነቀው። የሰፈር ልጅ በስዕል ሲያወራ ግን «ምስኪን» ይባላል። ይሄ ያመኛል።

ለቤተሰብ የምለው አለኝ። ዓረፍተ ነገሬን አትጨርሱልኝ። ልጨርሰው ያሰብኩት ሌላ ሊሆን ይችላል። እኔ ፊታችሁ ተቀምጬ «ምን ይበላል?» ብላችሁ እናቴን አትጠይቋት። ሰሌዳ ስታዘጋጁ ደግሞ «ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ ዳቦ» ላይ አትቁሙ። ልጅ ሳለሁ የነበረኝ ካርድ የምግብና የሽንት ቤት ብቻ ነበር። መቀለድ እፈልግ ነበር። መሳደብም እፈልግ ነበር። «ለምን?» ማለት እፈልግ ነበር።

ስፒች_ቴራፒስቷ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያልከውን ቃል በቃል ለወላጆች አነባለሁ፣ ከፈቀድክልኝ።

የተናገረው የሙያው አንኳር ነው። ቀን ከሌት የምናወራው አብዛኛው ነገር ከጥቂት መቶ ቃላት የተሠራ ነው። እነሱም የዕቃ ስም አይደሉም። «በቃ፣ እንደገና፣ ና፣ ሂድ፣ የኔ፣ ምን፣ ለምን፣ የለም» ዓይነቶቹ ናቸው። «ሙዝ» የሚል ቁልፍ ሙዝ ሲኖር ብቻ ያገለግላል። «እንደገና» ግን ዥዋዥዌ ላይም፣ መዝሙር ላይም፣ መታቀፍ ላይም ይሠራል።

አማርኛው ላይ ቃል በገባሁት መሠረት ልምጣ። የእንግሊዝኛውን ሰሌዳ ቃል በቃል ገልብጣችሁ አማርኛ አትለጥፉበት። እዚያ «እኔ» አንድ ቁልፍ፣ «መፈለግ» ሌላ ቁልፍ ነው፤ ልጁ ይገጣጥማቸዋል። እኛ ግን «እኔ መፈለግ ውሃ» አንልም። «እፈልጋለሁ» ስንል ፈላጊው ግሱ ውስጥ ገብቷል። «ስጪኝ» ውስጥ ሰጪዋም ተቀባዩም አሉ። ስለዚህ ልጁ ቤት ውስጥ በሚሰማበት መልክ ሙሉ ቃሉን እንሰጠዋለን፦ ስጪኝ፣ ስጠኝ፣ ነይ፣ ና፣ ተይ፣ ተው፣ እፈልጋለሁ፣ አልፈልግም፣ እንሂድ፣ እንደገና፣ አለ፣ የለም፣ የኔ፣ ምንድነው፣ የት ነው፣ አመመኝ። የእማማና የአባባ ቁልፎች ጎን ለጎን ይሁኑ፣ በቀለምም ይለዩ። ልጁ ለእናቱ «ስጠኝ» ቢል አትረሙት። «እሺ፣ እሰጥሃለሁ» በሉትና «ስጪኝ» የሚለውን ራሳችሁ ነክታችሁ አሳዩት።

አንዴ ያስቀመጣችሁትን ቁልፍ ደግሞ ቦታውን አትቀይሩ። ልጁ ስዕሉን እያየ ብቻ አይደለም የሚነካው፤ እጁ መንገዱን ይለምዳል። ሰሌዳው ይመር ብለን በየሳምንቱ ብናስተካክለው እሱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። አዲስ ቃል ባዶ ቦታ ላይ ይጨመር።

«አማርኛውን ተዉት፣ ልጁ ይምታታበታል» የሚላችሁ ባለሙያ ካለ አትቀበሉት። ሁለት ቋንቋ የኦቲዝም ልጆችን ንግግር እንደሚጎዳ ጥናቶች አላሳዩም። ከአያቱ ጋር የሚያወራበትን ቋንቋ የምንነሳው ለምንድነው?

መምህርት_ከአዲስ_አበባ

እኔ ከአዲስ አበባ ነኝ፣ የልዩ ፍላጎት መምህርት። እኛ ጋ ታብሌት ለሁሉም አይደርስም፤ መብራትም ይጠፋል። ግን ወረቀት አለ። አራሳክ የሚባል የስፔኗ አራጎን ክልል ያዘጋጀው የስዕል ስብስብ አለ፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፣ ከ10 ሺህ በላይ ስዕል አለው። ከዚያ አውርደን አትመን በላሚኔት እናሽገዋለን። እንጀራ፣ ነጠላና ጀበና ስናጣ ራሳችን ፎቶ እናነሳለን። ቤት ያለው ዕቃ ፎቶው ሲሆን ልጆቹ ቶሎ ያውቁታል።

ወላጆች ዛሬ ቢያንስ «ኦቲዝም» ብለው ስሙን ሲጠሩ እሰማለሁ። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ልጅን ቤት ውስጥ መደበቅ ነበር የተለመደው። የራሳቸውን ልጅ ይዘው አደባባይ የወጡ እናት ናቸው። በ2021 ሲያርፉ ብዙ ቤተሰብ እናቱን ያጣ ያህል ነው ያዘነው።

ጥያቄዬ፦ አንዲት ተማሪዬ እጇ ፈጽሞ አይታዘዝላትም። ስዕል መንካት አትችልም። ዓይኗ ግን ንቁ ነው። በዓይን የሚሠራውን መሣሪያ እዚህ ከየት አምጥቼ?

ስፒች_ቴራፒስቷ

መምህርት፣ የዓይን መሣሪያው ጥሩ ነው፣ ግን ሳይኖር ብዙ መሥራት ትችያለሽ። ጠንከር ያለ ግልጽ ፕላስቲክ ፈልጊ። መሃሉን ፊትሽ እንዲታይበት ቁረጪው። አራቱ ማዕዘን ላይ አራት ስዕል ለጥፊ። ፊት ለፊቷ ተቀምጠሽ በመሃላችሁ ያዢው። እሷ የምታየውን ማዕዘን አንቺ በፕላስቲኩ በኩል ታዪዋለሽ። በአፍሽ «እንደገና ነው ያልሽኝ?» ብለሽ አረጋግጪ።

ሁለተኛው መንገድ አንቺ እየዘረዘርሽ እሷ መምረጥ ነው። መጀመሪያ «አዎ»ዋን ፈልጊ። ወደ ላይ ማየት ሊሆን ይችላል፣ ፈገግታ ሊሆን ይችላል፣ ልጅቷ በቀላሉ የምትችለው ማንኛውም እንቅስቃሴ ይሆናል። ከዚያ ምርጫዎቹን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል፣ ድምፅሽን ሳትቀያይሪ ጥሪላት። የምትፈልጊውን መልስ በድምፅሽ ካጋደልሽላት የምትመርጪው አንቺ ትሆኛለሽ። የመጨረሻው ምርጫ ምንጊዜም «ሌላ ነገር» ይሁን። ከዘረዘርሽላት ውስጥ የፈለገችው ከሌለ የምትወጣበት በር ያስፈልጋታል።

የበኩር_ልጅ

ስለ ልጆች እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ግራ ቢገባኝ ነው የምጽፈው። አባቴ ኤኤልኤስ አለበት፤ ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያደክም የነርቭ በሽታ ነው። ጭንቅላቱ ደህና ነው፣ እጁና አፉ ግን እየከዱት ነው። ዓይኑን ጨፍኖ መግለጥ ይችላል። ዕድሜ ልኩን ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። የስዕል ካርድ ሳቀርብለት ፊቱን አዞረ። ምን ላድርግ?

ስፒች_ቴራፒስቷ

አይዞህ ወንድሜ። አባትህ ልክ ናቸው። ማንበብና መጻፍ ለሚችል ሰው የሚቀርበው ፊደል ነው፤ የፈለጉትን ሁሉ የሚያስብላቸው እሱ ነው።

ችግሩ ፊደላችን ብዙ ነው። 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው። 231 ፊደል አንድ በአንድ እየጠራህ አንድ ቃል ለመጻፍ ይመሻል። ስለዚህ በሦስት እርምጃ እንከፍለዋለን። የመጀመሪያዎቹን ፊደላት፣ ሀ ለ ሐ መ እያልክ፣ በአምስት በአምስት መስመር ጻፋቸው። መጀመሪያ መስመሩን ትጠራለህ፦ «አንደኛ? ሁለተኛ?» ሲጨፍኑ መስመሩን አገኘህ። በዚያ መስመር ያሉትን ፊደላት ትጠራለህ። ሲጨፍኑ ፊደሉን አገኘህ። ከዚያ ቤቱን፦ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሳልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ። የኔታ ዘንድ የቆጠሩ ከሆነ ይሄ በደማቸው ያለ ነገር ነው።

«ሰላም» ለማለት ሦስት ፊደል ነው። ሳድስ ስለሚበዛ ቤቱን ስትጠራ ከሳድስ መጀመር ትችላለህ፤ ጊዜ ይቆጥባል። ሐ እና ኀ፣ ሠ እና ሰ፣ ፀ እና ጸ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ከተስማማችሁ አንዱን መተው ይቻላል። ወረቀቱን ራሳቸው ያጽድቁት። በየቀኑ የሚደጋገመውን ደግሞ ከላይ በሙሉ ጻፈው፦ «ገልብጡኝ»፣ «አክታ ያዘኝ»፣ «ቴሌቪዥኑን ዝጉት»፣ «ብቻዬን ተዉኝ»። የመጨረሻውን እንዳትረሳው።

ድምፃቸው ፈጽሞ ሳይሄድ ስልክህ ላይ ቅዳቸው። የልጆችን ስም ሲጠሩ፣ ሲመርቁ፣ ሲቆጡ። ዛሬ ጀምር።

አንባቢ_77

አንድ ነገር ልጠይቅ። የሰው ልጅን እጅ እየደገፉ ፊደል ላይ የሚያስጽፉ ሰዎች አሉ። የማይናገሩ ልጆች ረጅም ጸሎትና ግጥም ሲጽፉ ቪዲዮ አይቻለሁ። እውነት ነው?

ስፒች_ቴራፒስቷ

ከሱ ራቁ። ብዙ ጊዜ ተፈትኗል። ለልጁና እጁን ለያዘው ሰው የተለያየ ስዕል ሲታያቸው የሚጻፈው ያዡ ያየው ነው። ያዡ ሆን ብሎ ላያታልል ይችላል፤ ራሱም ሳያውቀው ነው የሚመራው። የአሜሪካ የንግግር፣ ቋንቋና መስማት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ ዘዴ ጥቅም ላይ መዋል እንደሌለበት በግልጽ አስታውቋል። እኔ የምለፋው ልጁ ራሱ እንዲናገር ነው። የሌላ ሰው ቃል በልጁ ስም ሲወጣ ልጁን ሁለተኛ ዝም ማሰኘት ነው።

እናት_ከሲልቨር_ስፕሪንግ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለባለቤቴ በሙሉ አነበብኩለት። የጣት_አንደበቴን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ስብሰባው ላይ አብሮኝ ይገባል። ምን ብዬ ልጠይቅ? እንግሊዝኛዬ ለእንዲህ ያለ ነገር አይበቃኝም።

ስፒች_ቴራፒስቷ

መጀመሪያ አስተርጓሚ ጠይቂ። ወላጅ በስብሰባው የሚባለውን እንዲረዳ ማድረግ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ አንቺ አትከፍዪም። ቀድመሽ በኢሜል አሳውቂያቸው። ዘመድ ይዘሽ ብትገቢም ባለሙያ አስተርጓሚ ይኑር።

አይዲኢኤ በሚባለው የአሜሪካ ሕግ መሠረት የልጅሽ የአይኢፒ ቡድን፣ ማለትም የግል የትምህርት ዕቅዷን የሚያወጣው ቡድን፣ አጋዥ ቴክኖሎጂ ያስፈልጋት እንደሆነ ማየት አለበት። ካስፈለጋት ዕቅዱ ላይ ይጻፍ፤ በቃል ብቻ እሺ እንዳትዪ። ለትምህርቷ ቤትም እንደሚያስፈልጋት ቡድኑ ከወሰነ ታብሌቱ ወደ ቤት ይመጣል። ይሄንንም አስጽፊ። አስተማሪዎቿና ረዳቶቿ ራሳቸው ታብሌቱን እየነኩ እንዲያወሯት፣ ለእናንተም ሥልጠና እንዲሰጥ ጠይቂ። ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ካላት ደግሞ የንግግር መሣሪያ የራሷ የሚሆንበት መንገድ ስላለ ቴራፒስቷን አማክሪያት።

ግቦቹን ስታነቢ «በቀን ይህን ያህል ጊዜ ትጠይቃለች» ብቻ ከሆነ ይጨመርበት በይ። እምቢ ማለት፣ ሰው መጥራት፣ አስተያየት መስጠት፣ መጠየቅ ይግባበት።

እናት_ከሲልቨር_ስፕሪንግ

ስብሰባው አለቀ። ታብሌቱ ቤት እንዲመጣ ተጽፏል። አስተርጓሚዋ ጎበዝ ነበረች። ባለቤቴ «እኛም እንሠልጥን» ብሎ ራሱ ጠየቀ። ቴራፒስቷ አማርኛ አንድ ገጽ እንክፈትላት አለች። አፑ ላይ የአማርኛ ድምፅ የለም፣ ግን በየቁልፉ የራሳችንን ድምፅ መቅዳት ይቻላል። ማን ይቅዳላት? እኔ ነኝ ወይስ አባቷ?

የኮድ_ሰው

የአማርኛ የኮምፒውተር ድምፅ ጭራሽ የለም ማለት አይደለም። ማይክሮሶፍት መቅደስና አምሃ ብሎ የሰየማቸው ሁለት አሉት። ችግሩ ከምትጠቀሚበት አፕ ጋር መገናኘታቸው ነው፣ ሁለቱም ደግሞ የአዋቂ ድምፅ ናቸው። ለጊዜው መቅዳቱ ይሻልሻል።

ስፒች_ቴራፒስቷ

እስማማለሁ። አንቺም አባቷም ባትቀዱ ይመረጣል። የእሷ ድምፅ ነው የሚሆነው፤ «እፈልጋለሁ» ስትል በእናቷ ድምፅ ከወጣ እናትየዋ የተናገረች ይመስላል። በዕድሜ የምትቀርባት የአክስት ወይም የጎረቤት ልጅ ካለች ጥሩ ናት። ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በማይሰማበት ክፍል አስቀምጫት፣ ቃሉን አንቺ እያልሽላት ተከትላሽ ትበል። እያነበበች ከሆነ ድምፁ የንባብ ይሆናል።

«ነይ» የመጥራት ድምፅ ይኑረው። «አመመኝ» ከሌላ ክፍል እንዲሰማ ጮክ ይበል። «አልፈልግም»ን ደግሞ ቆጣ ብላ ትቅዳው፤ በለሰለሰ ድምፅ ከሆነ ማንም አይሰማትም።